ሳልነግርሽ ያለፉት ሃያ አንድ ቀናት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ ስንቅነሽ ዘውዴ፤

እንደምን ከርመሻል? ቤቱ ሁሉ እንደምን ሰነበተ? የጎባ ብርድ በሰኔ እንዴት ይዟችኋል? የእማዬ ጉልበት ክረምቱ ሳይገባ እንደሚጀምራት አውቃለሁና፣ እሷስ እንዴት ናት? ደጁን ያለ ምርኩዝ ትወጣለች ወይስ አንቺ ከትምህርት ቤት እስክትመለሺ ትጠብቃለች? ጋሽ ሽፈራው ደኅና ነው? ድምፅዋን በስልክ ብቻ የማውቃት ልጅሽ ቤዛዊትስ ጥርሷ ሞላ? ተማሪዎችሽ ፈተናቸውን ጨረሱ? እኔ ለጤናዬ ምንም አልሆንኩም። ሌላውም ሁሉ ደኅና ነው ብዬ ብጽፍልሽ ግን እንደ ወትሮዬ መዋሸቴ ነው።

ባለፈው እሑድ ስደውል «ምነው ድምፅሽ ተዘጋ፣ ጉንፋን ነው እንዴ?» ብለሽኝ ነበር። ጉንፋን አልነበረም። አንድ ነገር ልነግርሽ ደውዬ አቃተኝ። በስልክ ሲሆን «ኔትወርኩ ተቋረጠ» ብሎ መሸሽ ቀላል ነው፤ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርጌብሻለሁ። ስለዚህ በትምህርት ቤታችሁ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው ታግሠሽ አንብቢልኝ።

ትምህርቴ ወደ ማለቁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ነሐሴ ሲያልቅ ማስረከብ አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ላቦራቶሪ ገብቼ አፈር አደርቃለሁ፣ እነፋለሁ፣ እመዝናለሁ። እማዬ ብትሰማ «ሰው ጀርመን ድረስ ሄዶ አፈር ይነፋል?» ብላ እንደምትስቅ ይታየኛል። ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት እቀመጣለሁ። ላይፕዚግ አሁን በጋ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሥራ የፈታ ይመስል ሣር ላይ ተዘርግቶ ይውላል። እኔም ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነውና እንደነሱ ጫማዬን አውልቄ መዘርጋት ለምጃለሁ። ደስ ሲለኝ ግን ወዲያው አንድ ነገር ይወጋኛል። ምን እንደሆነ ኋላ ላይ ታዪዋለሽ።

የምኖርበት የተማሪዎች ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ወጥ ቤቱን ዊብከ ከምትባል የሰሜን ባሕር ዳርቻ ልጅ ጋር እጋራለሁ። ማቀዝቀዣው ላይ የጽዳት ተራ የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ያጸዳ ሰው ይፈርማል። በሚያዝያ አንድ ቀን ቸኩዬ ምድጃውን ሳላጸዳ ፈርሜ ወጣሁ። ስመለስ ዊብከ በሬን አንኳኳች። «መንበረ፣ ምድጃውን አጽድተሻል?» «አዎ።» «አላጸዳሽም።» «ፈርሜያለሁ እኮ!» «መፈረምሽንማ አይቻለሁ፤ ምድጃውንም አይቻለሁ።» አልተቆጣችም። ስፖንጁን በእጄ አስይዛኝ ወደ ክፍሏ ገባች። እኛ ዘንድ ቢሆን ሰው እንዳያፍር ዙሪያ ጥምጥም ይኬዳል፤ እዚህ ቀጥ ብለው ነው የሚመጡብሽ። ምድጃውን እየፈተግሁ ሳላስበው እንባዬ ይወርድ ጀመር። ዊብከ ሰምታ እየሮጠች መጣችና ደንግጣ «ኧረ ምድጃ ነው! ሰው አልሞተም እኮ!» አለችኝ። በምድጃው መስሏት ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የትምህርት ዕድሉን በሰጠኝ ድርጅት ጽሕፈት ቤት እረዳለሁ። ማኅደር አስተካክላለሁ፣ ደብዳቤ አሽጋለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ፕሪቤ ይባላሉ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዝናብም ይሁን ፀሐይ በብስክሌት ነው የሚመጡት። ሁለት ደቂቃ ካረፈድኩ ሰዓቱን አያዩም፣ እኔን ነው የሚያዩት። ምሳቸው ከዓመት እስከ ዓመት ጥቁር ዳቦና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ነው። አመልካቾችን ሁሉ፣ ማናቸውንም በዓይናቸው ሳያዩ፣ «ልጆቼ» ይሏቸዋል።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ዘንድሮ ከተመረጡት መካከል አይኑራ የምትባል የኪርጊዝ ልጅ መልስ ሳትሰጥ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀረው። እኔ «ታዲያ ተጠባባቂውን እንጥራ?» አልኩ። ያን ቃል እንዴት አፌን ሞልቼ እንደተናገርኩት እስካሁን ይገርመኛል። ወይዘሮ ፕሪቤ በመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ዝም ያለ ሁሉ እምቢ ያለ መሰለሽ?» አሉኝ። ወዲያው ስልኩን አነሡ። በልጅነታቸው የዚህ አገር ተማሪ ሁሉ ሩሲያኛ ይማር ነበርና፣ በዚያው በዛገ ሩሲያኛቸው እየተንተባተቡ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጯጯሁ። ስልኩን በእጃቸው ከድነው ወደ እኔ ዞሩና «አጎቷ ናቸው። ልጅቱ ከብቶቹን ይዛ ተራራ ወጥታለች፤ እዚያ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ፈረሰኛ ልላክባት ወይ ይሉኛል!» አሉኝ። «ምን አሏቸው?» «ምን እላለሁ? ምን ቆመው ይጠይቁኛል፣ ይላኩ እንጂ! አልኳቸው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አይኑራ ደወለች። አንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር፤ ነፋሱ ይጮኻል፣ እሷም ከነፋሱ በላይ ትጮኻለች። ቋንቋዋን ባላውቅም «እመጣለሁ» ማለቷ ገብቶኛል። ወይዘሮ ፕሪቤ «ቀስ በይ ልጄ፣ ጆሮዬን አደነቆርሽው» እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ስልኩን ሲዘጉ ከታች ካለው ዳቦ ቤት የቼሪ ኬክ አስመጥተው ለእኔም ቆረሱልኝ። ከዚያ ሹካቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ አላደረግሁም። ከአንቺው አገር አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ስለምታኖረው የጥቁር ገብስ ዘር የጻፈችው ጽሑፍ ከሁሉም በልጦ አንደኛ ወጣ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላት፤ አልመለሰችም። አግብታ ይሆናል፣ ሌላ ዕድል አግኝታ ይሆናል ብዬ ማኅደሯን ዘጋሁት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስልክ ቁጥሩ ማመልከቻዋ ላይ ነበረ እኮ። ማንሣት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ሳልደውል ማንንም የማልሰርዘው።»

እትዬ፣ ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ።

ኬኩን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ቢሮውን ለቅቄ ስወጣ ብስክሌቶቹ የቆሙበት ግንብ ላይ ተደግፌ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እኔ የሠራሁትን ነገር አንዲት ምንም ያልበደሉ ሴትዮ ሦስት ዓመት ሙሉ በራሳቸው ላይ ጭነውት ኖረዋል።

አሁን አንድም ሳላስቀር ልንገርሽ። ስናመለክት አንቺ ስልክሽ ኢንተርኔት አይሠራም ነበርና ኢሜይል የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ፤ ፓስወርዱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የሁለታችንንም ኢሜይል ከፈትኩ። የአንቺ «ተመርጠዋል፤ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ መቀበልዎን ያሳውቁን» ይላል። የእኔ «የመጀመሪያዋ ተጠባባቂ ነዎት» ይላል። እየሮጥኩ ነው የወጣሁት። እውነቴን ነው፣ ልነግርሽ ነበር የሮጥኩት። የሑዳዴ ጾም ነበርና ገበያ መሐል ስደርስ ለእማዬ ሹሮ የሚሆን በርበሬ ለመግዛት ቆምኩ። በዚያች መቆም ውስጥ አንድ ሐሳብ ገባብኝ፤ ቤት ስደርስ እርምጃዬ ቀዝቅዞ ነበር።

አንቺ የፈተና ወረቀት ታርሚያለሽ። ቀና ብለሽ «መጣ?» አልሽኝ። «ገና ነው» አልኩሽ። «ይምጣ ብቻ! አንቺን ከእማዬ ጋር ትቼ እንዴት እንደምበር ታዪኛለሽ» ብለሽ ሳቅሽ። እማዬም ከአልጋዋ ላይ ሆና «ሂጂ ወዲያ፣ ክንፍሽን እሰብረዋለሁ!» አለች። ቀልድ ነበር። እኔ ግን ያን ቀልድ በልቤ ምክንያት አደረግሁት፤ «አየሽ፣ ትታኝ ልትሄድ ነው» አልኩ ለራሴ። ግን «ገና ነው» ያልኩሽ ከቀልዱ በፊት ነው። ይህንን ሦስት ዓመት ሙሉ ላጣምመው ሞክሬ እምቢ አለኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ «ስንቅነሽን አታዪም?» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። መምህራኑ ሁሉ የአንቺን ስም ጠርተው ነበር የሚቆጡኝ። ይህን ሰበብ ለመደርደር አልጻፍኩትም፤ ከየት እንደመጣብኝ ብታውቂው ብዬ ነው። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ ተበልጠሻል ብለሽኝ አታውቂም። ደብተርሽን የሰጠሽኝ፣ ሒሳብ ያስጠናሽኝ፣ ማመልከቻዬንም ያረምሽልኝ አንቺ ነሽ።

በየቀኑ «መጣ?» ትያለሽ፤ በየቀኑ «ገና» እላለሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን ወይዘሮ ፕሪቤ ሁለተኛውን ጻፉ፦ «ምናልባት መልእክታችን አልደረሰዎትም ይሆን?» ይላል። አንብቤ ዘጋሁት። በጾሙ ወተት እንኳ በአፌ አላዞርኩም፤ በዚያው አፍ ግን ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ዋሸሁሽ። መጋቢት ሃያ አራት አለፈ። ከዚያ ለእኔ «ቦታ ስለተለቀቀ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ለቀቀችው የተባልሽው አንቺ ነሽ።

ስነግርሽ እልል ስትዪ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ከዚያ ሰዉ ሲበተን ቀስ ብለሽ «የኔስ?» አልሽኝ። «አላለፈም ይላል» አልኩሽ። ፊትሽ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ። «ደግ ነው፤ ከአንድ ቤት ሁለት አይወሰድም» ብለሽ ጉንጬን ሳምሽኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ዘግይተሽ ስትመጪ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። እማዬ ብትጠይቅሽ «የጠመኔ ብናኝ ነው» አልሽ። እኔ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነበር። ሰማሁ፤ ማጠፌን ቀጠልኩ።

እዚህ እንደደረስኩም ወይዘሮ ፕሪቤ የመጀመሪያ ቀን ጠይቀውኝ ነበር። «ዘውዴ የሚል ስም ያላት ሌላ ልጅ ነበረች፤ ዘመድሽ ናት?» አሉኝ። «በእኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ ዘውዴ የሚባል አባት ብዙ ነው» አልኳቸው። እውነት ነው፣ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው እውነት ከውሸትም ይከፋል።

ከዚያ ወዲህ ራሴን የማታልልበት አላጣሁም። «ባትቀር ኖሮ ጋሽ ሽፈራውን አታገባም ነበር፤ ቤዛዊትም አትወለድም ነበር፤ እንዲያውም ሳላውቅ ውለታ ውዬላታለሁ» ያልኩበት ጊዜ አለ። ልጅሽን የጥፋቴ መሸፈኛ አድርጌአት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አፍራለሁ። አንቺ በስልክ «የአንቺ መማር የእኔም መማር ነው» ስትዪኝ፣ ስንት ጊዜ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ እንደያዝኩ አታውቂም።

ኬኩን ከበላን በሦስተኛው ቀን ለወይዘሮ ፕሪቤ ነገርኳቸው። ወንበር ሳልስብ፣ ቆሜ ነው የነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «እኅትሽ ናት?» «አዎ።» «መልእክቶቼን አንብበሻል?» «ሁለቱንም።» «እኔ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። ከዚያ «ዛሬ ከአንቺ ጋር መሥራት አልችልም፤ ቁልፉን አስቀምጪና ሂጂ» አሉኝ። አስቀምጬ ሄድኩ።

ነገሩ ወደ ድርጅቱ ጉባኤ ሄደ። ጠሩኝ፤ ሁሉንም ደገምኩላቸው። ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር። የጀመርኩትን እንድጨርስ ፈቀዱልኝ፤ ለዶክትሬት ሊሰጡኝ የነበረውን ድጋፍ ግን ነሥተውኛል። እንደምቀጥል በፋሲካ ነግሬሽ ደስ ብሎሽ ነበር፤ ቀርቷል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ አልከራከርም።

ከሳምንት በኋላ ወይዘሮ ፕሪቤ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የአንቺ ማኅደር ተከፍቶ ነበር፤ የእጅ ጽሑፍሽን ከሩቅ ለየሁት። «አሁን ለእሷ የምጽፈው እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «የዕድሜው ገደብ ሠላሳ ስድስት ነው፤ እሷ ሠላሳ አራቷ ነው። ማመልከቻ እስከ ጥቅምት ሃያ ድረስ እንቀበላለን። ምንም ቃል አልገባላትም፤ እንደማንኛውም ሰው ትወዳደራለች። ልጅ ይዞ መምጣትም ይቻላል። ያ የገብስ ጽሑፍ አልጠፋኝም በያት።» ይቅር አሉኝ ብዬ አልጽፍልሽም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠብቅም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ነገር ታገኛለሽ። በስምሽ የተጻፉልሽን የሁለቱን መልእክቶች ግልባጭ ከነቀናቸው አያይዣለሁ። አዲሱም የማመልከቻ ቅጽ አለ፤ አንድም ቦታ አልሞላሁበትም። የኢሜይልሽንም ፓስወርድ በተለየ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ስትከፍቺው ለውጪው፣ እኔ እንዳላውቀው።

እንድትመጪ አልለምንሽም። አሁን ልጅ አለሽ፣ ባል አለሽ፣ ተማሪዎች አሉሽ፤ ያኔ ቀላል የነበረው ዛሬ ከባድ ሊሆን ይችላል። ያንን ማክበዴም የእኔ ነው። እኔ ግን ጽሑፌን አስረክቤ መስከረም ሃያ አገሬ እገባለሁ። ብትሄጂም ባትሄጂም እማዬን የምጦራት ከእንግዲህ እኔ ነኝ። ይህን ካሳ ብዬ አልጠራውም፤ ለእናቴ የሚገባት ነው። ለአንቺ የሚሆን ካሳ ፈልጌ አላገኘሁም። ብትሰድቢኝ እቀበላለሁ፤ ዝም ብትዪኝም እቀበላለሁ። ዝምታሽን ግን እንደ እሺታ አልቆጥረውም።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜ እጅ ነሥቻለሁ በያት። ለጋሽ ሽፈራው የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ምን ዓይነት ሴት እንዳገባ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ቤዛዊትን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ለአጎታችን ለጋሽ ደምሴም እንደምን ከርመዋል በይልኝ፤ የላኩልኝ ማር ደርሶኛል። ደብዳቤ ሲመጣ ለቤቱ ሁሉ የምታነቢው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ይህንንም ብትፈልጊ ከዳር እስከ ዳር አንብቢላቸው፤ ደብቂልኝ የሚል ልመና ከእኔ የለም። መናኸሪያ ማንም እንዳይጠብቀኝ፤ በእግሬ እመጣና አንኳኳለሁ። አንቺ ብትከፍቺልኝ እወድ ነበር። ሌላ ሰው ቢከፍትልኝም አልጠይቅም፤ ይገባኛል።

የበደለችሽ ታናሽ እኅትሽ፣
መንበረ ዘውዴ

ላይፕዚግ፣ ሰኔ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.